ድምፃዊውን በአካል ስናገኘው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የኪነ ጥበብ ወዳጆች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ቡና ላይ አዘውትረን የምናነሣው፣ መድረክ ላይ ግን እምብዛም የማንደፍረው ነው፤ ይኸውም ሥራውን ከልብ የምንወድለትን ሙዚቀኛ በአካል አግኝተን ቅር ብሎን የመመለሳችን ነገር ነው።

ባሕር ዳር ለእንዲህ ዓይነቱ ቅያሜ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጣ ድምፃዊ ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ሳይበላ መመለሱ ብርቅ ነው፤ አድናቂውም እዚያው ያገኘዋል። እኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ የምሰማውን አንድ ድምፃዊ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ያገኘሁት እንዲሁ ነበር። የካሴቱን ሽፋን ይዤ ቀርቤ እጅ ነሣሁ። እሱም ቀና ሳይል፣ ዘይት በነካው ጣቱ ሽፋኑን ተቀብሎ ፈረመና ከለቀመው የዓሣ እሾህ አጠገብ አስቀመጠው። ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረ አንድ ስንኝ ጠቅሼ ምን አስቦ እንደዘፈነው ብጠይቀው፣ «ግጥሙ የኔ አይደለም፤ የጻፈውን ሰው ጠይቅ» አለኝ።

መልሱ ቅስም ይሰብራል፤ ሆኖም እውነት ነው። በዘመናዊው ሙዚቃችን ግጥሙ ከአንዱ፣ ዜማው ከሌላው፣ ቅንብሩ ደግሞ ከሦስተኛ ሰው መምጣቱ የተለመደ ነው። ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ ለስንት ድምፃዊ እንደሠሩ የካሴት ሽፋን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ ችግሩ ያን ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት መሆኑ ነው። እኛ የምንሰማው አንድ ድምፅ ስለሆነ መከፋቱንም፣ ናፍቆቱንም፣ ጥበቡንም ለድምፁ ባለቤት እንሰጠውና፣ በኋላ የዓሣ ገበታ ላይ ስናገኘው ያን ሁሉ ሰው እንፈልግበታለን።

ሌላውና ለእኔ ክብደት ያለው ምክንያት ከአዝማሪ ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ መቀመጫችን ይመጣል፤ ስማችንን ከጓደኛችን ጠይቆ በግጥም ያነሣናል፤ «ተቀበል» ብለን ስንኝ ስንሰጠው ተቀብሎ ያዜምልናል፤ ስንሸልመው ያወድሰናል፤ ስንሰስት ደግሞ በቅኔ ሸንቆጥ ያደርገናል። እዚያ ቤት እንግዳን ማየትና ስሙን መጥራት የሙያው አካል ነው፤ ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለትም ለዚሁ ጭምር ነው። የካሴቱ ድምፃዊ ግን ስቱዲዮ ገብቶ ሲዘፍን ፊቱ የነበረው ማይክራፎን ነው። ዘፈኑ እኛ ቤት ሃያ ዓመት ሲኖር እሱ አብሮ አልኖረም፤ እኛ የቆየ ዝምድና ይዘን ስንቀርብ እሱ የሚያየው ምሳውን ያቋረጠ መንገደኛ ነው።

ይህን ስል ለማንኛውም ጨዋነት የጎደለው ባለሙያ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። እሱው ድምፃዊ በዚያው ገበታ ላይ ሎሚ ያዘገየችበትን ልጅ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሰድቧታል፤ ከእኔ ጋር የነበረውን መኮሳተር በድካም ላመካኝለት እችላለሁ፣ ለዚህኛው ግን ምክንያት አላገኘሁለትም። ድምፁ ያምራል ብሎ ይህን ማለፍ፣ ወይም ሰደባት ብሎ ድምፁ አያምርም ማለት፣ ሁለቱም ለእኔ አይዋጡልኝም።

በመጨረሻ በዚህ አዳራሽ ላሉ የዝግጅት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ድምፃዊ ወደ ከተማችን ስትጋብዙ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲም አብራችሁ ጋብዙልን፤ ወንበር አዘጋጁላቸውና አድማጩ ስለ ስንኙ የሚጠይቀውን ለጻፈው ሰው ይጠይቅ። ድምፃዊውም ከፈለገ ዓሣውን ሳይቋረጥ ይብላ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።