ካርታው በእኔ ስም ነው

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። የገዛናት አራት የሥራ ባልደረቦች ነን፤ ካርታዋ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው፤ የእኔ።

ሐሳቡ የተወለደው ከመሥሪያ ቤታችን እቁብ ነው። ስድስት ዓመት ያለ አንዳች ጠብ ስለጣልን፣ «ለምን የሚከራይ ቤት አንገዛም?» ተባባልን። ለእናቴ ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትርፍ ቤት?» አለችኝ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ያየች ሰው ናት። እኔ ሳቅሁ።

ስም ለማዞር የሚመላለስ አንድ ሰው ይበቃል ተባለና እኔ ተመረጥሁ። በመካከላችን አንዲት ወረቀት አልተፈረመችም። ይህ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። እቁባችን እኮ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አያነሳም። ለአንድ ዙር እቁብ ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ለቤት ሲሆን ምንም አልጠየቅንም።

ኪራዩ ግብሩ ተከፍሎለት፣ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ለአራት ሲካፈል ብዙም አያኩራራም። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ጭማሪውንም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስላደረገው አንዱ ባልደረባችን ሁልጊዜ ያጉረመርማል። እኔ ራሴ የሰው ቤት ተከራይቼ ስለምኖር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ አዋጁን እደግፋለሁ። ይህን ግን ለእነርሱ አልነገርኋቸውም።

ባለፈው ወር ከቀብር ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንዱ «ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው?» አለኝ። ተራ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሦስቱም መልሴን ዝም ብለው ሲጠብቁ ገባኝ። ዛሬ ማታ ብሞት፣ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የባልና ሚስት እንደሆነ ይገመታል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ለልጆቼ ይወርዳል። የሦስቱን ሰዎች ገንዘብ የሚጠቅስ ወረቀት የለም። ልቀየማቸው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ግማሹ የእኔ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። እየቀለደች ይመስለኛል። ሐሙስ አራታችንም ጠበቃ ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል።