ያልለካሁት ቢፒ

እንደምን ዋላችሁ፣ ተመራቂ ነርሶች እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቤተሰቦችም እንኳን ደስ ያላችሁ። አሁን ሻማ ይዛችሁ ቃል ልትገቡ ነው፣ እኔም በተራዬ ገብቻለሁ፣ ከቃሉ ይልቅ የማስታውሰው እጄን ያቃጠለኝን ሰም ነው (ይቅርታ መምህሮቼ)። በነገራችን ላይ የናይቲንጌል ቃለ መሃላ የምንለውን እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ራሷ አልፃፈችውም፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ዲትሮይት ላይ በስሟ የተዘጋጀ ነው። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከ38 ነርሶች ጋር ቱርክ ውስጥ ስኩታሪ የሚባለው ቦታ ወዳለው የጦር ሆስፒታል ሄዳ ማታ ማታ ፋኖስ ይዛ መዞሯን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር ሰብስባ ወታደሩን ከቁስል ይልቅ በሽታ እንደጨረሰው ያሳየችውም እሷ ናት። ዛሬ ስለ ፋኖሱ ሳይሆን ስለ እስክሪብቶው ነው የማወራው።

ስራ በጀመርኩ በ2ኛ አመቴ ናይት ዱቲ (የሌሊት ተረኛ) ላይ ነኝ፣ 2 ነርስ ለ30 ምናምን በሽተኛ። በዛን ቀን ኦፕራሲዮን የተደረጉ አንድ አባት ነበሩ፣ የሌሊት 6 ሰዓት ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት የምንለካው) ሲደርስ ተኝተዋል፣ እኔም ደክሞኛል፣ ቢፒ አፓራተሱን (የደም ግፊት መለኪያውን) እንደያዝኩ ቆሜ ቻርቱ ላይ የምሽት 2 ሰዓቱን አየሁት፣ 110/70፣ ፐልስ (የልብ ምት) 84። ትንሽ ቀየር አድርጌ 110/75፣ ፐልስ 86 ብዬ ሞላሁት። እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ ቀየር ማድረጌ ነው፣ የተለካ እንዲመስል እኮ ነው።

10 ሰዓት ላይ የምታስታምማቸው ልጃቸው "ሲስተር አባዬን ላብ ላብ አለው" ብላ ጠራችኝ፣ ስለካ 80/50፣ ፐልስ 130፣ ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ነው። ዶክተሩ ቻርቱን ገለጠና "እስከ 6 ሰዓት ደህና ነበሩ" አለ፣ በኔ ውሸት ሰዓት እየቆጠረ። ሰው ሲደማ ቀድሞ የሚጨምረው ፐልሱ ነው፣ ግፊቱ ብዙ ጊዜ ኋላ ነው የሚወርደው፣ በሰዓቱ ለክቼ ቢሆን ምናልባት ምልክቱን አገኘው ነበር። ለዶክተሩ እዛው ነገርኩት። እዛው እንኳን አይደለም፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል እስኪወጡ ጠብቄ ነው።

ዳኑ ተመስገን። ሲወጡ ልጅቷ አቅፋ ስማኝ "አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር" አለችኝ፣ የት ልግባ።

ሰው ያንሳል ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግን ያልለካነውን ስንሞላ ለሀላፊዎቹ ሁሉም በሰዓቱ እየተሰራ ነው እያልናቸው ነው፣ ታዲያ ሰው ይጨመርልን ስንል ማን ያምነናል? ካልደረሳችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት፣ ለምን እንዳልለካችሁ ፅፋችሁ ፈርሙ፣ ለተረኛዋም በአፍ ንገሯት። ትቆጣችሁ ይሆናል፣ እኔም ስንቴ ተቆጥተውኛል። ተሳስታችሁ ከፃፋችሁ ደግሞ ደልዛችሁ አታጥፉት፣ አንድ መስመር አስምሩበትና ትክክለኛውን አጠገቡ ፃፉ፣ ስህተቱም ይነበብ።

ሻማው ሊበራ ነው መሰለኝ፣ ልውረድ። ሰሙ እጃችሁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ታች ታቹን ወረቀት ጠቅልሉበት።