የሚስተር ቢን ዝምታ

እንደምን አላችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ሮዋን አትኪንሰን ስለተባለው፣ አብዛኞቻችን ግን ሚስተር ቢን በሚለው ስም ስለምናውቀው እንግሊዛዊ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ተዋናይ ነው። ይህን ሰው የመረጥሁት ስላሳቀኝ ብቻ አይደለም፤ እንደ እኔ አንደበቱ የሚያዝ ሰው በመሆኑም ነው።

ተብታባ ልጅ ሆኖ ጎንደር ላይ ማደግ ቀላል አልነበረም። ከተማችን የአቋቋም ሊቃውንትና የአዝማሪ አገር ናት፤ ሰው በአንደበቱ ይመዘናል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊታችሁ ሲቆም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም መስጠት ወግ ነው፤ ግጥሙም ቤት መምታቱ ሳይበቃ ሳይደናቀፍ መውጣት አለበት። እኔን የሚይዘኝ ፊደል «በ» ነበር። የሚያስቸግረውን ቃል በሌላ ቃል እየተካ የሚያልፍ ተብታባ ብዙ ነው፤ «በ» ግን በአማርኛ በየስሙ ፊት ስለሚገባ፣ በቤትም በመንገድም በትምህርት ቤትም እየተከተለኝ መሸሻ አሳጣኝ። እምዬ የምላት አያቴ፣ «ሙሴም እኮ አፈ ኮልታፋ ነበረ፣ ልጄ» እያለች ታጽናናኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ስለ አትኪንሰን ሳነብ ይበልጥ የሚያስቸግረው ይኸው ድምፅ መሆኑን ሳውቅ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን አስታውሳለሁ። ዓለም የሚያውቀው «ቢን» የሚለው ስም ራሱ በዚያ ድምፅ ይጀምራል። ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን መንተባተቡ እንደሚተወው ራሱ ተናግሯል። ድምፁን ለማውጣት ከንፈሩን አጥብቆ ቃሉን ከልክ በላይ የማጉላት ልማዱንም ለሙያው አዋለው፤ «ብላክአደር» በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ «ቦብ» የሚለውን አጭር ስም ሲጠራ፣ ተመልካቹን የሚያስቀው የስሙ ትርጉም ሳይሆን ቃሉ ከአፉ የሚወጣበት መንገድ ነው።

አትኪንሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1955፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ ዕለት፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ኮንሴት በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ። በኒውካስል የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ኦክስፎርድ ሲገባ ከጸሐፊው ከሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ ደራሲው ከሃዋርድ ጉድኦል ጋር ተዋወቀ፤ የሚስተር ቢን ገጸ ባሕርይም የተጠነሰሰው በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታወቀ፣ ከ1983 እስከ 1989 ደግሞ «ብላክአደር»ን ሠራ። ያ ሥራ በቃል ላይ የቆመ ስለሆነ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ እኛም ቤት አልደረሰም።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ያደረገውን ነው። በካናዳዋ ሞንትሪያል በተካሄደ የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ፣ በእንግሊዝኛው መድረክ መቅረብ ሲችል በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መድረክ ልውጣ ብሎ ጠየቀ። ፍላጎቱ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ፊት ያለ ቃል መቆም መቻሉን መፈተን ነበር። ይህ የመሐንዲስ ጠባይ ይመስለኛል፤ ድልድዩን ሰው ሳይሻገርበት በፊት በክብደት ይፈትኑታልና። ከዚያ በኋላ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 የ«ሚስተር ቢን» የመጀመሪያው ክፍል በቴሌቪዥን ተላለፈ። እስከ 1995 ድረስ የተላለፉት ክፍሎች 14 ብቻ መሆናቸውን ስነግራቸው የማያምኑኝ ጓደኞች አሉኝ፤ በልጅነታችን መቶ ክፍል ያየን ይመስለን ነበርና።

እኛ ያየነው አጎቴ አራዳ ከሚገኝ ቪዲዮ ቤት በተከራየው ካሴት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሚስተር ቢን ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ያስነጥሰዋል፣ መሐረብ የለውም፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ከረሜላ ሊበላ ፈልጎ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ይሰርቃል፣ ማለቴ በዓይኑ ሰርቆ ያየዋል። እምዬ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የቆመች፣ በመቋሚያ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ሰው በየበዓሉ የምታይ ሴት ስለነበረች ማንም እንዲያስረዳት አልጠየቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች፣ «ይህስ የእኛው ሰው ነው» አለች።

ከዚያ መዝሙር ተጀመረ። ሚስተር ቢን የመዝሙር መጽሐፍ የለውም፣ ግጥሙንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ሲዘምሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጉረመርማል፣ የሚያውቃት አንዲት ቃል ስትደርስ ግን ደረቱን ነፍቶ «ሃሌ ሉያ!» ይላል። በዚያ ካሴት ውስጥ እምዬ የገባት ብቸኛ ቃል ይህ ነበር። ሁለተኛው «ሃሌ ሉያ» ሲመጣ አብራው አለች። ሦስተኛው ሲመጣ እኔም ጮኼ አልሁ፤ በ«ሀ» የሚጀምር ቃል ይዞኝ አያውቅም ነበር።