ጥሬ ብር ሊቀር ነው ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የታክሲ ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ)፦ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ቀረ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ኔትወርክ ይጠፋል። ነገ ዳቦም እንዲህ ሊሆን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብር ዛሬም ሕጋዊ መገበያያ ነው። ነዳጅ ላይ ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ፣ ክፍያው ዲጂታል እንዲሆን ተወስኗል። ሽያጩን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ መውጫ አለመኖሩ ነው። ኢንተርኔት ብቻ ከጠፋ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የቴሌብር አጭር ቁጥር *127# ይሞክሩ። ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን ማደያው በጥሬ ብር እንዲቀዳ ሊፈቀድለት ይገባል። የእርስዎ የቀን ገቢ በማያውቁት ብልሽት መቅረት የለበትም።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ሁሉም "ብር ቤት አታስቀምጡ" ይለናል። እኛ ግን ባንክ ገንዘብ እያለን ተርበናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ያያችሁትን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ አንስቶ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ትግራይ ውስጥ ባንክም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ጡረተኛው ደብተሩ ላይ ያለውን የራሱን ብር ማውጣት አልቻለም። ጥሬ ብር ራሱ በመጥፋቱ፣ ዘመድ የላከውን ለማግኘት እንኳ ሰው ከባድ ኮሚሽን ይቆረጥበት ነበር። ገንዘባችን ሁሉ በአንድ መስመር ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ መስመሩ የተዘጋ ቀን ባዶ እጃችንን ነን። ስለ ዲጂታል ክፍያ ሕግ የሚያወጣ ሁሉ መጀመሪያ የመቀሌን ሰው ቢጠይቅ እመኛለሁ።

ስለዚህ ለወር አስቤዛና ለመድኃኒት የሚበቃ፣ ዝርዝር ዝርዝሩ ብር ቤት ይኑራችሁ። ከዚያ በላይ አልመክርም። ሌባ አለ፣ እሳት አለ፣ ኑሮ ውድነቱም ይበላዋል። መስከረም 2013 ኖቱ ሲቀየር ቤት ያከማቹ ሰዎች በተሰጣቸው 3 ወር ውስጥ ሲሯሯጡ አይተናል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ እዚህ ብዙ ሱቅ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። አገር ቤትም ወደዚህ ነው የሚሄደው?

መልስ፦ ስዊድን ራሷ እኮ ቆም ብላ እያሰበች ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትልልቆቹ ባንኮች የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መንግሥት ለየቤቱ የላከው የጦርነትና የአደጋ ጊዜ መመሪያም ቢያንስ ለሳምንት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያዙ ይላል። ቤትዎ ደርሶ ከሆነ ያንብቡት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እናቴ ማንበብ አትችልም። የላክሁላትን ብር ለማውጣት ስልኳን ለሱቁ ልጅ ትሰጠዋለች፣ ፒኑን እሱ ነው የሚነካላት። ችግር አለው?

መልስ፦ በጣም! ዛሬውኑ ፒኑን ይቀይሩላት። ብዙ እናቶች ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ይለያሉ፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ደጋግማ ራሷ ትንካው። ካቃታት ከቤተሰብ አንድ የምታምነው ሰው ይበቃል። ባንክ ሄዳ በመስኮት በጥሬ መውሰድ ከመረጠችም መብቷ ነው፤ "በስልክ ካልሆነ" ብሎ የሚመልሳት ካለ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ ትጠይቅ።