«ማቃጠሉን ተወኝ» ያሉን አድማጭ፦ ስለ ማስታገሻና ስለ ጨጓራ ቁስለት

በዚህ ሳምንት ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት ስለ ጨጓራ ነው። በአየር ላይ ሰዓት አጥሮን ነበር። አንዳንዱን እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ከጎርጎራ፦ «ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ለወገቤ ማስታገሻ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ። ጓደኛዬ ‹ብግነት የሚያጠፋ መድኃኒት ቁስለትም ይከላከላል› ይላል። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ጓደኛዎ እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ቁስለት ባለበት ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) አለ፤ ስለዚህ ብግነት የሚያጠፋው ቁስለትንም ያጠፋል ብሎ ማሰብ ይቀላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጨጓራችን የገዛ አሲዱ እንዳይበላው ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን ያመርታል። ይህ ሽፋን እንዲመረትና ግድግዳው በቂ ደም እንዲያገኝ የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ያው ፕሮስታግላንዲን ወገብ ላይ ሲበዛ ደግሞ ሕመምና እብጠት ያመጣል። አስፕሪንና መሰሎቹ የሚያሽሉን ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማገድ እንደሆነ እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ። መድኃኒቱ ታዲያ ወገብና ጨጓራ አይለይም። ወገብዎን ሲያሽል የጨጓራዎን መከላከያ ያሳሳል።

ታዲያ ማቃጠሉ ለምን ተወዎት? ጨጓራ በተወሰነ ደረጃ ይለማመዳል። አስፕሪን በተከታታይ የወሰዱ ሰዎች ጨጓራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲላላጥ፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ግን መላላጡ ሲቀንስ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ታይቷል። የጓደኛዎ ወሬ ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል። ነገር ግን ላዩ ለመደ ማለት ጥልቅ ቁስለት አይወጣም ማለት አይደለም። ማስታገሻው ደግሞ የቁስለቱንም ሕመም ያፍነዋል። ብዙ ሰው ቁስለት እንዳለበት የሚያውቀው መድማት ሲጀምር ነው። ያላመመን ጨጓራ ሁሉ ደህና ነው ብለን እንዳንዘናጋ አደራ እላለሁ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ስም እንዲያነቡልኝ ስጠይቅዎት ሁለት ማሸጊያ አነበቡልኝ። አንዱ ዲክሎፌናክ፣ ሌላው አይቡፕሮፌን። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ የአስፕሪን መሰሎች ናቸው! አብሮ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ፈውሱን አይጨምርም። ዛሬውኑ አንዱን ይተዉ። ሌላውንም ቢሆን ሐኪም ሳያይዎት ለረጅም ጊዜ አይቀጥሉ። እስከዚያው ፓራሲታሞል ይሞክሩ፤ ጨጓራ ላይ እንደነዚያ አይከፋም። የግድ ፀረ ብግነት ካስፈለገ ሐኪሙ አነስተኛውን መጠን ለአጭር ጊዜ ያዛል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሊጨምርበት ይችላል፤ እሱ ጠዋት ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ሴሌኮክሲብ የሚባለውም ለጨጓራ ለስለስ ይላል፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግዲህ ጨጓራን የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው።

ከሽምብጥ፦ «እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በባዶ ሆድ ክኒን ከሚውጡ መርፌው አይሻልም?»

እህቴ፣ ይህን ብዙ ሰው ያምናል፤ ግን አይሻልም። መርፌውም ወደ ደም ገብቶ ያንኑ ፕሮስታግላንዲን ያግዳል። በምግብ መውሰድ ማቃጠሉን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ቁስለትን አያስቀርም። በእናትዎ ዕድሜ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል። ጉልበት ላይ የሚቀባ የዲክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ቢሞክሩት እመርጣለሁ። ለልብ ተብሎ የታዘዘላቸው አስፕሪን ካለ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከዘጌ፦ «የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ጨርሼ ነበር። በደም ምርመራ አሁንም አለብህ አሉኝ። ማስታገሻ መውሰድ እችላለሁ?»

የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነትዎ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ለመከላከል ያመረተውን ነው። ያ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ብዙ ወራት ይቆያል። መዳንዎን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። አንቲባዮቲክ ከጨረሱ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ባክቴሪያውና ማስታገሻው እያንዳንዳቸው ቁስለት ያመጣሉ፤ ሲገናኙ ይብሳሉ። ስለዚህ ውጤቱ እስኪታወቅ ማስታገሻውን አይውሰዱ።

ከዚያው ከዘጌ፣ ስለ ተልባ፦ ተልባ መጠጣት ክፋት የለውም፤ ያለሰልሳል። ቁስለት ያድናል ብላችሁ ግን መድኃኒት አታቁሙ። ከክኒንም ሰዓት አራርቁት።

ከባሕር ዳር፦ «አባቴ ለቁርጥማት ማስታገሻ ይወስዳሉ። ከትናንት ጀምሮ ሰገራቸው ጠቁሯል፣ ሲነሱም ያዞራቸዋል። እስከ ሰኞ እንጠብቅ?»

አትጠብቁ! ብረት ያለበት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ማዞር ከተጨመረበት ግን ጨጓራቸው እየደማ እንደሆነ ቁጠሩት። ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያስኬዳል። ማስታገሻውን አሁኑኑ ያቁሙ። ብቻቸውን አይሂዱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙላቸው፣ በር ላይም «ደም ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።