ዓይን ያላየው ፎልደር
(በደሴ ከተማ በኮምፒውተር ጥገና አጭር ሥልጠና ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን የሥልጠናው አስተባባሪዎች፣ ከሸዋ በርና ከፒያሳ፣ ከኮምቦልቻም ጭምር ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተመራቂዎች ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬዎቹ ሙሽሮች፣ እናንተ ተመራቂዎች፦ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

አስተባባሪዎቹ ስለ ሙያው የወደፊት ዕድል እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ሁለት ገጽም ጽፌ ነበር፤ ትናንት ማታ ሳነበው ግን ማንም ቢናገረው የማይለወጥ ሆኖ ስላገኘሁት ቤት ትቼው መጣሁ። በምትኩ ሃያ ዓመት ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው እንቅልፍ የሚነሳውን አንድ ነገር እናገራለሁ። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ፋይል ለመክፈት ወይም ለማስቀመጥ ስንፈልግ ብቅ የሚለው መምረጫ መስኮት የማያሳየን ፎልደር አለ፤ ፕሮግራሞች የባለቤቱን ልማድ፣ ምርጫና የዓመታት ልፋት የሚያኖሩበት የቅንብር ፎልደር ነው፤ እኛም ስላላየነው የለም ብለን ማሽኑን ፎርማት እናደርጋለን፤ ማለትም ዲስኩን አጽድተን ሁሉን እንደ አዲስ እንጭናለን።

በ2010 ዓ.ም. የሆነውን ልንገራችሁ። ባለታሪኩ እዚሁ አዳራሽ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ታሪኩን ለመናገር ፈቃዳቸውን ስጠይቅ፣ «ስሜን አትጥራ እንጂ ጥፋትህን ደህና አድርገህ ንገራቸው» ብለውኛል። ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው፤ ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ለባለጉዳይ ክስ፣ መልስና ይግባኝ ሲጽፉ የኖሩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙዎቹ እኩዮቻቸው ሥራውን ለልጆች ሲተዉ፣ እርሳቸው ሊብረኦፊስ ራይተር የሚባለውን የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ተምረው፣ በውስጡም ኦቶቴክስት የሚባለውን ክፍል ከእኔ ቀድመው ያወቁ ሰው ናቸው። «እው» ብለው ጽፈው ኤፍ 3 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ፣ «ይህ ክስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዘረገፋል። «ማዝ» ብለው ያንኑ ቁልፍ ሲነኩ በቁጥር 223 መሠረት የሚቀርበው የማስረጃ ዝርዝር፣ የሰው ምስክርና የሰነድ ማስረጃ ተብሎ ተከፍሎ፣ ከነሰንጠረዡ ይወጣል። እንዲህ ያለውን አቋራጭ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ አጠራቅመው ነበር። ባለጉዳዩ ወንበሩን ሳያሞቅ ማመልከቻው ተጽፎ ያልቃል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተንቀራፈፈብኝ ብለው አመጡልኝ። ዊንዶውስ 7 ነበር። እኔም ብዙ ሳልመረምር ፎርማት ያስፈልገዋል አልሁ። ምን ይወሰድልዎ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ያለኝን ሁሉ» አሉኝ። ያላቸውን ሁሉ ወሰድሁ፤ ማለትም በስማቸው የተሰየመውን ፎልደር ከፍቼ፣ ዓይኔ ያየውን ሁሉ መርጬ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥሁ፣ የፋይሉን ቁጥር አመሳከርሁ፣ ዲስኩን አጸዳሁ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫንሁ፣ ሊብረኦፊስንም መለስሁ። ቅዳሜ ሲወስዱት መርቀውኝ ሄዱ። የወሎን ምርቃት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ የዚያኑ ዕለት ቀጠሮ ያለበት ባለጉዳይ ፊታቸው ተቀምጦ፣ «እው» ብለው ኤፍ 3ን ተጫኑ። ፕሮግራሙ ለዚህ አቋራጭ የተቀመጠ ጽሑፍ አልተገኘም አላቸው። «ማዝ» አሉ፤ አልተገኘም። አንድ በአንድ ሞከሩ፤ አንድም አልነበረም። ያንን ማመልከቻ ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጃቸው ለቅመው ጽፈው ባለጉዳዩን ከሸኙ በኋላ ወደ ሱቄ መጡ። አልጮሁም። «ልጄ፣ ማሽኑን አድነህ እጄን ቆርጠህ ነው የላክኸኝ» ነው ያሉኝ።

እኔ ግን ተከራከርሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። አንድም ፋይል አልጠፋም፣ ቁጥሩ ይኸውና፣ ምናልባት እርስዎ ራስዎ ሳያውቁ አጥፍተውት ይሆናል እስከ ማለት ደረስሁ። በመጨረሻ ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ፣ ፕሮግራሙ አቋራጮቹን የት እንደሚያኖር ለማየት የሊብረኦፊስን አማራጮች ከፍቼ፣ የፎልደሮች መንገድ የተዘረዘረበት ገጽ ላይ ደረስሁ። አድራሻው በግልጽ ተጽፏል፦ ሲ፣ ዩዘርስ፣ የእርሳቸው ስም፣ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ሊብረኦፊስ፣ 4፣ ዩዘር፣ ኦቶቴክስት። የፎልደር መምረጫውን መስኮት ከፍቼ አድራሻውን ተከትዬ ሄድሁ። ሲ አለ። ዩዘርስ አለ። ስማቸውም አለ። ከስማቸው ቀጥሎ ግን አፕዳታ የሚባል ነገር የለም። አድራሻው በአንዱ መስኮት ተጽፎ እየታየ፣ ቤቱ በሌላው መስኮት አይገኝም።

በምትኩ የሚታየው ምን ነበር? ዴስክቶፕ፣ ዶክመንት፣ ዳውንሎድ፣ ሙዚቃ፣ ቪዲዮ፣ እንዲሁም ሴቭድ ጌምስ፣ የተቀመጡ ጨዋታዎች ማለት ነው። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም። ላልተጫወቱት ጨዋታ በግልጽ የተሠራ ክፍል አለ፤ ስድስት ዓመት የለፉበት ሥራ ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሠራ ግንበኛ በሰፈራችን ቢኖር ኖሮ ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠው አልነበረም።

ጥፋቴ የት ላይ እንደነበር ልብ በሉ፤ አንድ ደረጃ ላይ ነው። በስማቸው የተሰየመውን ፎልደር ከውጭ ሆኜ በሙሉ ብገለብጠው ኖሮ በውስጡ የተደበቀውም አብሮ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ገብቼ የሚታየውን መረጥሁ፤ የማይታየው አልተመረጠም፣ ያልተመረጠው አልተገለበጠም። የቁጥር ማመሳከሬም ቢሆን ያየሁትን ካየሁት ጋር ነበር ያመሳከረው።

የጠፋውን ከቆዩ የማመልከቻ ቅጂዎች ላይ እያየን፣ እርሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ፣ ከሱቅ መዝጊያ በኋላ ለብዙ ምሽት ተቀመጥን፤ እኔ በዳይ ሆኜ ሳለ ቡናው እንኳ ከእርሳቸው ቤት ነበር የሚመጣው። ስንጨርስ ያችን ኦቶቴክስት የምትባል ፎልደር በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው። በ2014 ዓ.ም. ይህች ከተማ ያየችውን ለዚህ ታዳሚ መተረክ የእኔ ድርሻ አይደለም። እርሳቸው ከከተማ ሲወጡ ፍላሿ በደረት ኪሳቸው ነበረች፤ ሲመለሱ ማሽኑ አልነበረም። በተዋሱት ላፕቶፕ ላይ ሊብረኦፊስ ጫንን፣ ፕሮግራሙን ዘግተን ፎልደሯን በቦታዋ መለስን፣ እንደገና ከፈትነው። «እው» ብለው ኤፍ 3ን ሲጫኑ ቁጥር 92 ከነሙሉ ቃሉ ወጣ። ያን ጊዜ ያየሁት ፊት ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ለመሆኑ ማን ደበቀው? እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ ቅድመ አያት የሆነው ዩኒክስ፣ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ገና በሚሠራበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ራሱን የሚያመለክት አንድ ነጥብ፣ ወላጁን የሚያመለክት ሁለት ነጥብ ይቀመጥ ጀመር። ዝርዝር በወጣ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ ብቅ እንዳይሉ፣ «ስሙ በነጥብ የሚጀምር ከሆነ ዝለለው» የምትል አጭር ትእዛዝ ተጨመረች። ሁለቱን ብቻ ልትዘል የታሰበችው ትእዛዝ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዘለለች። በቤል ላብስ የሠራው ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ሲያስታውስ፣ የተደበቀ ፋይል የሚባለው ነገር ታስቦ ያልተሠራ፣ ከስሕተት የተወለደ መሆኑን ጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮግራመሮች ምቹ መደበቂያ አግኝተው ቅንብራቸውን በነጥብ እያስጀመሩ በተጠቃሚው ቤት ውስጥ ይከምሩት ጀመር። ዊንዶውስ በበኩሉ በነጥብ ፋንታ በፎልደሩ ላይ የመደበቂያ ምልክት ያደርጋል፤ ቪስታ ከተባለው የዊንዶውስ ስሪት ወዲህ አፕዳታ ተብሎ የሚጠራውም ይህንኑ ምልክት ተሸክሞ ነው የሚፈጠረው።

የመደበቁ ምክንያት ገብቶኛል። ልጅ ወይም እንግዳ ገብቶ ምንነቱን የማያውቀውን እንዳያጠፋ ነው። 4 የምትለዋን የሊብረኦፊስ ፎልደር እንኳ የፕሮግራሙ ስሪት ስንትና ስንት ቁጥር ካለፈ በኋላም ስሟ ስላልተለወጠ፣ አሮጌ ናት ብሎ ያጠፋት ባለሙያ አውቃለሁ። ነገር ግን ከማያውቅ ሰው መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ አድራሻውን አውቆ ሲፈልግ በሚያየው መስኮት ላይ «እዚህ የማይታይ አለ» የሚል አንዲት ምልክት አለማኖር ግን ሌላ ነው። የመምረጫው መስኮት ባዶ ነው ወይም የለም ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ነው የእኔ ቅሬታ።

ከዝምታው ጋር ያለን ትውውቅ ደግሞ የቆየ ነው። ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚባለውን አስመሳይ አቋራጭ የሚያስቀምጠው የፍላሽ ቫይረስ በየኢንተርኔት ቤቱ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ላይ ከአስመሳዩ አቋራጭ በቀር ምንም አይታይም፣ አንዱ ብልጥ ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሉ ግን እዚያው ነበር! አትሪብ በምትባል አንዲት ትእዛዝ የመደበቂያው ምልክት ቢነሳ ኖሮ ሁሉም ተመልሶ ይታይ ነበር። ስንት የተማሪ ልፋት በዚህ ከተማ ጠፋ?

አሁን ለባልደረቦቼ የምናገረው ትንሽ ይመራል፤ ታገሡኝ። እኛ ለሁሉ ነገር ፎርማት የምንል ባለሙያዎች ሆነናል። ማተሚያው አልታዘዝ ሲል ፎርማት! የግእዝ ፊደል አራት ማዕዘን ሆኖ ሲታይ ፎርማት! ድምፅ ሲጠፋ ፎርማት! ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም ያንኑ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢኖር ልጆቻችንን ይዘን እንሄድ ነበርን? ከዚያ ደግሞ «ሁሉንም ገልብጫለሁ» ብለን ሒሳብ እንቀበላለን። ሁሉንም አልገለበጥንም! የታየንን ነው የገለበጥነው፤ ደንበኛው የከፈለን ግን ለሁሉም ነው። ፕሮግራመሩ ደበቀው ብለን ብንወቅስ መብታችን ነው፤ ነገር ግን እርሱ ደንበኛችንን አያውቀውም፣ እኛ እናውቀዋለን፤ ጠዋት ሰላም ብሎን ያልፋል።

መፍትሔው ከምሬቴ ያነሰ ነው፤ መደበቅ መቆለፍ አይደለምና። በዊንዶውስ የመምረጫው መስኮት ሲከፈት፣ የፋይል ስም በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ የመቶኛ ምልክት፣ አፕዳታ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ እንደገና የመቶኛ ምልክት ጽፋችሁ ኢንተር ብትጫኑ፣ ምንም ሳትቀይሩ ሮሚንግ ውስጥ ታርፋላችሁ። በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ የፋይል ኤክስፕሎረርን የማሳያ ምርጫ ከፍታችሁ የተደበቁት እንዲታዩ ብታደርጉ፣ የመምረጫው መስኮትም ያንኑ ይከተላል። የወርድ መሠረታዊ ቅጽ፣ የተንደርበርድ ኢሜይል፣ የፋየርፎክስ ፕሮፋይል፣ በዊንዶውስ 7 የነበሩት ቢጫ ማስታወሻዎች ሁሉ ሮሚንግ ውስጥ ናቸው። ክሮም ግን ከጎኑ ባለው ሎካል ውስጥ ስለሚያኖር ሮሚንግን ብቻ ወስዶ የሚሄድ ሰው እንደገና ይቀጣል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ መስኮት ውስጥ ኮንትሮልና ኤች፣ በማክ ደግሞ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ ይበቃሉ፤ በሊኑክስ አብዛኞቹ ቅንብሮች ነጥብ ኮንፊግ በሚባለው ውስጥ ተሰብስበዋል፣ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ግን የየራሳቸው ነጥብ ያለው ቤት ስላላቸው እነሱንም እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ፎልደር ውስጥ በብራውዘሩ የተቀመጠ የይለፍ ቃልና የሰው ደብዳቤ አለ። እንገለብጠዋለን እንጂ አንከፍተውም፤ ደንበኛው ማሽኑን ተረክቦ ሥራው መሄዱን ሲያረጋግጥልን ደግሞ የእኛን ቅጂ እናጠፋለን። ይህን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በሱቄ የምጠቀምበትን የማሽን መረከቢያ ቅጽ አባዝቼ አስቀምጫለሁ። ሁለት መስመር ጨምሬበታለሁ፦ አንደኛው «የተጠቃሚው ፎልደር ከነተደበቀው በሙሉ ተገልብጧል» ይላል፤ ሁለተኛው «ደንበኛው የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች ራሱ ከፍቶ ሞክሯል» ይላል። ከሁለቱም ሥር የፊርማ ቦታ አለ፤ የእኛም የደንበኛውም። የመጀመሪያውን ቅጽ የፈረሙት ከሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡት ናቸው፤ ቃላቱንም ያረሙልኝ እርሳቸው ስለሆኑ እንደ ማመልከቻ ቢመስልባችሁ አትገረሙ። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። አመሰግናለሁ።