አዝማቹን ማን ይቀበለኝ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ ወገኖች። ከጀርባ ጉርርር የሚል ነገር ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ትራኩ ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው። አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ ሳሊሶ አካባቢ አንድ ትራክ ስቶፕ፣ የከባድ መኪና ማረፊያ ላይ ቆሜያለሁ፣ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሞተሩን አላጠፋሁትም።

ሰሞኑን አንድ መዝሙር ይዞኝ አልለቅ ብሏል፣ «አይል ፍላይ አዌይ»፣ በርሬ እሄዳለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ንቄው ነበር። ባንጆ የሚሉት ክራር መሰል መሣሪያ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ እግር መሬት ያስመታል፣ ግጥሙን ስሰማው ግን ስለ መሞት ነው! እኛ ጋ የሰማይ ቤት መዝሙር ሲነሳ ለቅሶ ቤት ነው ትዝ የሚለን፣ አንገት ደፍቶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ። እነዚህ ሰዎች ሞትን ሰርግ አስመሰሉት እኮ ብዬ ሬዲዮውን ቀየርኩት።

በኋላ ታሪኩን አነበብኩ። አልበርት ብረምሊ ይባላል የጻፈው፣ አሁን ከቆምኩበት ብዙም በማይርቅ ሮክ አይላንድ በሚባል ቦታ፣ በፈረንጅ 1929 ግድም፣ ያባቱን ጥጥ እየለቀመ ነው የመጣለት። ጾም ጸሎት ላይ አልነበረም። የሚያንጎራጉረውም መዝሙር አይደለም፣ ያኔ ታዋቂ የነበረ የእስረኛ ዘፈን ነው፣ ክንፍ ኖሮኝ በበረርኩ የሚል። ጎንበስ ብሎ ሲለቅም የሚውል ወጣት ምን እንደሚመኝ አስቡት፣ ከዚህ ማሳ መውጣት ነዋ! 1932 ላይ አርካንሳ ያለው ሃርትፎርድ የሚባል የሙዚቃ ድርጅት በመዝሙር መጽሐፍ አሳተመው።

እዚህ ጋ ነው እኔን የነካኝ። የትራክ ሹፌር ሕግ በቀን የሚፈቅደውን 11 ሰዓት ሙሉውን የምነዳበት ቀን አለ፣ ዘጠነኛው ሰዓት ላይ ወገቤ ሲቆረጥ «ጌታ ሆይ ከዚህ አውጣኝ» እላለሁ፣ ብዬም አፍራለሁ፣ ጸሎት ሳይሆን ምሬት ነው ብዬ፣ ስንቱ ይሄንን ሥራ አጥቶ እኔ አማርራለሁ ብዬ። ይሄ ሰውዬ ግን ያንኑ ምሬት ሳያጥበው ሳያሳምረው ወደ ላይ ነው የላከው፣ ይኸው አሁን ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጭብለታል። ከዚያ ወዲህ ዘጠነኛው ሰዓት ላይ አላፍርም፣ ጮክ ብዬ እዘምረዋለሁ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አዝማቹ ተቀባይ ይፈልጋል። አንዱ ድምፁን ይዞ ሲጎትት ሌሎቹ ከሥር ይመልሱለታል፣ ብቻህን ስትለው መሃሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቴ ጋ እደውላለሁ፣ እሷ ሀዋሳ ናት፣ እዚያ ሲነጋ። እንግሊዝኛውን አታውቀውም፣ ሃሌሉያው ላይ ብቻ ነው የምትገባው፣ እሱም በኔትወርኩ ምክንያት ዘግይቶ፣ እኔ ቀጣዩን መስመር ከጀመርኩ በኋላ ይደርሳል። ትናንት ታዲያ ሃሌሉያው ላይ ቆምኩና ጠበቅኳት።